ገበያ ሲቀዘቅዝ የሚከፍለው ማን ነው? የፀጉር ቤት ሥራ በምዕራብ ጎጃም ከተሞች

ከደምበጫ ተነስቶ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አድርጎ ቡሬ በሚገባው አስፋልት ዳር «የሴቶች የውበት ሳሎን» የሚል ታፔላ ብርቅ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። አንድ ሁለት ካስክ፣ ትልቅ መስታወት፣ ፎን፣ ፒያስትራ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ዊግ፤ ቤቱ ከዚህ ብዙ አያልፍም። በትንሽ ካፒታል ይከፈታል፤ ባለቤቷም ሠራተኛዋም ደንበኛዋም ሴት ናቸው። ለሥራ ዕድል ፈጠራ ሪፖርት ከዚህ የተመቸ ዘርፍ ማግኘት ይከብዳል።

ሪፖርቱ የማይነግረን ግን አለ። በባለቤቷና በደንበኛዋ መካከል ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ የምትውለው ወጣት፣ ብዙ ጊዜ ከገጠር ቀበሌ የመጣች ልጅ፣ በምን ውል ነው የምትሠራው? ክፍያዋ ትንሽ ነው ብሎ ማዘን ቀላል ነው፤ ነገሩ ግን ከክፍያው መጠን ይሰፋል። የትርፍ ክፍፍሉን ትተን የኪሳራውን መንገድ እንከተል። ጾም ሲገባ፣ መብራት ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ዶላር ሲወደድ የሚጎድለው ገንዘብ ከማን ኪስ ይጎድላል? በዚህ ዘርፍ ጉልበቱ የማን እንደሆነ በደንብ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ልጅቷ ይዛው የመጣችው ሙያ

የጎጃም ገጠር ውበትን የሚያውቀው ከሳሎን በፊት ነው። ለፀጉር ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋር፣ ለእጅና ለእግር እንሶስላ፣ ለዓይን ኩል፣ ለበዓልና ለሰርግ ሹሩባ። ሹሩባው የሚሠራው በእናት፣ በእህት ወይም በጎረቤት እጅ ነው። ዛሬ አንዷ ለሌላዋ ትሠራለች፣ በሚቀጥለው በዓል ተራው ይዞራል። ገንዘብ አይቆጠርበትም፤ ውለታው ግን አይረሳም።

ይህን ዓለም እንደ ገነት መሳል አያስፈልግም። እንሶስላ የምትሞቀው ሙሽራ ብዙ ጊዜ ገና ልጅ ነበረች። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ላይ ከወሰነ በኋላም ያለዕድሜ ጋብቻ በገጠሩ ቀጥሏል። ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቀው ሞሰቦ በ1996 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» የተባለው ፕሮግራም የተጀመረው ልጃገረዶች ሳይዳሩ ትምህርት ቤት እንዲቆዩ ለማድረግ ነበር። ስለዚህ ከገጠር ቀበሌዋ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ የምትመጣ ልጅ ሁሉ ተገፍታ የመጣች አይደለችም። ለአንዳንዷ ከተማው ካልፈለገችው ትዳር ማምለጫ ነው፤ ለሌላዋ መማሪያ፤ ለሌላዋ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ብር የምትይዝበት ቦታ። ፀጉር ቤት ከሰው ቤት ሠራተኝነትና ከመጠጥ ቤት አስተናጋጅነት የተሻለ፣ ወደ ዓረብ አገር ከመሄድም የቀረበ ሆኖ ይታያታል። በምርጫዋ አልተሳሳተችም። ሌላው በር ሁሉ ከዚህ የባሰ መሆኑ ግን ስለ ክፍያ በምትነጋገርበት ሰዓት አቅም ያሳጣታል፤ ባለቤቷም ይህን ታውቃለች።

ነገር ግን ባዶ እጇን አልመጣችም። ሹሩባ መሥራት ትችላለች። ሳሎኑ ውስጥ ስትገባ ካስክ፣ ቢጎዲን፣ ሪላክሰርና ፒያስትራ አታውቅምና «ለማጅ» ትባላለች። በዚያው ቀን ግን ከቤቷ ይዛው የመጣችው ሹሩባ ለደንበኛ ይሸጣል። ማለትም በአንድ እጇ ተማሪ፣ በሌላው እጇ ሠራተኛ ናት፤ የሚከፈላት ግን እንደ ተማሪ ነው። በዚህ ዘርፍ የጉልበት ብዝበዛ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጭካኔ አይጠይቅም፤ የምታውቀውን ትቶ የማታውቀውን ብቻ መቁጠር ይበቃዋል።

የፐርሰንቱ ሂሳብ

በፀጉር ቤቶች አራት ዓይነት አሠራር ይታወቃል። አንዱ ያለ ክፍያ ወይም በኪስ ገንዘብ መለማመድ ነው። ሁለተኛው የወር ደመወዝ፣ ሦስተኛው ከሠራችው ሥራ የተወሰነ ፐርሰንት ማግኘት፣ አራተኛው ደግሞ ወንበር ተከራይቶ ለራስ መሥራት ነው። ልምድ ያላት ባለሙያ ብዙ ጊዜ ፐርሰንትን ትመርጣለች፤ ጎበዝ ከሆነች ከደመወዝ የበለጠ ታገኝበታለችና። ችግሩ ፐርሰንት ደንበኛ ለሌላት ጀማሪም ሲሰጥ ነው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሩ ለማስላት እንዲመች የተወሰደ ነው። አንድ ሹሩባ 400 ብር ይከፈልበታል፣ የሠራተኛዋ ድርሻም 40 ፐርሰንት ነው እንበል። ለእሷ የሚደርሳት 160 ብር ነው። በሳምንት አምስት ደንበኛ ብታገኝ 800 ብር ይሆናል። ሥራ የምትገባው ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ የምትወጣው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሆነ በቀን 11፣ በስድስት ቀን 66 ሰዓት ቤቱ ውስጥ ትቆያለች። ለሰዓት ሲካፈል 12 ብር ገደማ ነው። ሹሩባው ራሱ ለእያንዳንዱ አራት ሰዓት ቢፈጅ እንኳ የሠራችው 20 ሰዓት ነው፤ የቀረው 46 ሰዓት «ቁጭ ብላ ስትጠብቅ» ተብሎ ይታለፋል።

በእርግጥ ቁጭ ብላ ነው? ፎጣ ታጥባለች፣ ቤት ትጠርጋለች፣ የቧንቧ ውኃ ሲቋረጥ በጀሪካን ታመጣለች፣ ቡና ታፈላለች፣ ሱቅ ትላካለች፣ አንዳንዴም የባለቤቷን ልጅ ትይዛለች። ሳሎኑ በሩ ክፍት፣ ንጹህና ሰው ያለበት ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገው ይህ ሥራ ነው። ደንበኛ የሚገባው ሰው ወዳለበት ቤት ነውና መጠበቋ ራሱ ለቤቱ ገቢ ያመጣል። በፐርሰንቱ ሂሳብ ውስጥ ግን አይገባም።

የገጠሩ ሰው ይህን ከእኩል እርሻ ጋር ቢያስተያየው ልዩነቱ ቶሎ ይገባዋል። መሬት ያለውና ጉልበት ያለው ሰው ምርቱን ለመካፈል ሲስማሙ በሬው የማን ነው፣ ዘሩና ማዳበሪያው ከማን ይወጣል የሚለው ተቆጥሮ ድርሻው በዚያ መጠን ይለያያል። አራሹም አርሶ ሲጨርስ በሬውን ነድቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ መሬቱ ላይ ቁጭ ብሎ እንዲውል የሚያዘው የለም። የፀጉር ቤቷ ልጅ እንደ አራሹ ኪሳራውን ትካፈላለች፤ እንደ ተቀጣሪ ደግሞ ሰዓቷ የሌላ ሰው ነው። ዋጋውን አትወስንም፣ የትኛዋ ደንበኛ ለማን እንደምትሰጥ አትወስንም፣ ቅናሽ ሲደረግ አትጠየቅም። የሸሪክን አደጋና የተቀጣሪን ታዛዥነት በአንድ ላይ ተሸክማለች።

ጥርና ሁዳዴ

የፀጉር ቤት ገቢ የሚሄደው በቤተ ክርስቲያን ዘመን አቆጣጠር ነው። ገናና ጥምቀት፣ ከዚያም የጥር ሰርግ፤ ቤቱ የሚሞላው ያኔ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሰርግ እንደገና ይመጣል፣ በእንቁጣጣሽም ገበያው ይነቃል። በመካከሉ ሁዳዴ አለ፤ 55 ቀን። ሰርግ የለም፣ መዋብም ይቀንሳል።

በጥር የሙሽራ ሥራ ከሌሊት ይጀምራል። ሙሽራዋና ሚዜዎቿ እስከ ረፋዱ መድረስ ስላለባቸው ሁሉም ሠራተኛ ያድራል። ለሙሽራ በጥቅል የሚከፈለው ገንዘብ ግን በነፍስ ወከፍ አይሰላም። ስምምነቱን የተዋዋለችው ባለቤቷ ናት፤ ሜካፑን የሠራችው ዋና ባለሙያ የተወሰነ ታገኛለች፣ ሚዜዎቹን ሹሩባ የሠሩት ረዳቶች ደግሞ ጉርሻ ይጠብቃሉ። ጉርሻው ከመጣ ከደንበኛዋ ቸርነት የመጣ ነው፤ የሌሊት ሥራ ክፍያ አይደለም። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ የፐርሰንቱ ድርሻ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ የልጅቷ የቤት ኪራይ ግን እንደነበረ ነው። ስለዚህ ከባለቤቷ ትበደራለች። ብድሩ በሚቀጥለው የሰርግ ወቅት ከፐርሰንቷ ይቆረጣል፤ ብድር ያለባት ሠራተኛ ደግሞ ወደተሻለ ቤት መሄድ አትችልም። የተቆለፈ በር ሳይኖር፣ የተወሰደ መታወቂያ ሳይኖር ሰው ቦታውን እንዳይለቅ የሚያደርግ አሠራር እንዲህ ይበጃል።

መብራት፣ መንገድና ዶላር

ካለፉት ዓመታት ችግር በላይ የዘርፉን ሚዛን በግልጽ ያሳየ የለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲያደርግ ሽቶና መዋቢያ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ክልከላው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲነሳ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ፤ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቅባቱም፣ ሪላክሰሩም፣ ዊጉም ከውጭ የሚመጣ ነው። ዕቃው ሲወደድ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ቀላል ነው፤ የዕቃው ወጪ በቅድሚያ ይነሳና ፐርሰንቱ ከቀሪው ይሰላል። ሠራተኛዋ ያልገዛችውን፣ ያልመረጠችውን ዕቃ ዋጋ ትካፈላለች።

በዚሁ መሐል በክልሉ ጦርነት መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በክልሉ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናግረዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ፀጉር ቤት ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም መንገድ ሲዘጋ ሰርግ ይተላለፋል፤ መብራት ሲቋረጥ ካስኩም ፎኑም ይቆማል፤ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ የማታ ደንበኛ ይቀራል። ደመወዝተኛ የሆነው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙ ሊዘገይ ይችላል፤ በፐርሰንት የምትሠራው ልጅ ግን የሚዘገይ ነገር እንኳ የላትም። ወደ ገጠር ተመልሳ ወላጆቿ ላይ ትወድቃለች፤ እነሱም በበኩላቸው ገበያ መውጣት አቅቷቸዋል። የከተማው ንግድ ኪሳራ በመጨረሻ የሚያርፈው በገበሬው ጎተራ ላይ ነው ማለት ነው።

ማለቂያ የሌለው ልምምድ

ይህ አሠራር የጎጃም ብቻ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2015) ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በኒውዮርክ ከተማ የጥፍር ማስዋቢያ ቤቶች ላይ ባወጣው ምርመራ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የሄዱ ሴቶች ሥራ ለመጀመር ራሳቸው ለባለቤቱ ገንዘብ እንደሚከፍሉ፣ ከዚያም ባለቤቱ «በቅተሻል» እስኪላቸው ያለ ደመወዝ እንደሚሠሩ ዘግቧል። ስለ ምርመራው ትክክለኛነት ክርክር ቢነሳም፣ የኒውዮርክ ግዛት አስተዳደር በቀናት ውስጥ ግብረ ኃይል አቋቁሞ የሠራተኞችን መብት የሚዘረዝር ጽሑፍ በየቤቱ በየቋንቋቸው እንዲለጠፍ፣ ባለቤቶችም ላልተከፈለ ደመወዝ ማስያዣ እንዲኖራቸው አዘዘ።

ከዚያ ልምድ ለእኛ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው። ልምምዱን አደገኛ ያደረገው ክፍያ አለመኖሩ ብቻ አልነበረም፤ የሚያበቃበትን ቀን የሚወስነው ባለቤቱ ብቻ መሆኑ ነው። በእኛም ዘንድ ለማጅ ሪላክሰር መቀባት ተምራ ስትጨርስ «ገና ነሽ፣ ቀለም አትችይም» ትባላለች፤ ቀለም ስትችል ሜካፕ ይቀራታል። የዘመድ ልጅ ከሆነች ደግሞ መጠየቁ ራሱ ነውር ይሆናል። ያበላት፣ ያሳደራት ሰው ፊት ስለ ሰዓትና ስለ ክፍያ እንዴት ይነሳል?

የጤናው ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የፀጉር ባለሙያዎችን ሥራ «ለካንሰር ሊዳርግ ይችላል» ተብለው ከተመደቡ ሙያዎች ውስጥ አስቀምጦታል። ደንበኛዋ ሪላክሰር የሚነካት በወራት አንዴ ነው፤ ሠራተኛዋን በየቀኑ። በጠባብ ክፍል፣ መስኮቱ በመንገድ አቧራ ምክንያት ተዘግቶ፣ ያለ ጓንት። ጓንት ወጪ ነው፤ ለማጅ ደግሞ ወጪ የሚወጣላት የመጨረሻዋ ሰው ናት።

ባለቤቷስ?

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ሳሎን ባለቤት ትልቅ ካፒታሊስት አይደለችም። አንዳንዷ ከዓረብ አገር ይዛው በመጣችው ጥሪት፣ አንዳንዷ በእቁብ ወይም በብድር ነው የከፈተችው። ከበላይዋ የቤት አከራይ አለ፤ ደንበኛ መብዛቱን አይቶ ኪራይ ይጨምራል። ግብር አለ፣ የዕቃ ነጋዴ አለ። እሷም በወጣትነቷ ያለ ክፍያ ተለማምዳ ሊሆን ይችላል፤ በሠራችበት መንገድ ነው የምታሠራው።

ይህ እውነት ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። አከራዩ ኪራይ ሲጨምር ባለቤቷ ሁለት ምርጫ አላት፤ ወይ ደንበኛዋ ላይ ዋጋ መጨመር፣ ወይ ሠራተኛዋ ላይ ፐርሰንት መቀነስ። ደንበኛ ወደ ጎረቤት ሳሎን ትሄዳለች። ሠራተኛዋ የምትሄድበት የለም። ስለዚህ ከላይ የመጣው ጫና ሁሉ ወደ ታች ይወርድና መቆሚያ የሚያገኘው ድምፅ በሌላት ልጅ ላይ ነው። የባለቤቷ ደግነት ወይም ክፋት ይህን ፍሰት ትንሽ ያፋጥነዋል ወይም ያዘገየዋል፤ አቅጣጫውን አይቀይረውም።

ሕጉ ውስጥ ያለው

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ይወስናል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያዛል፤ በሕዝብ በዓል ቀን የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በሁለት ተኩል እጥፍ ይሰላል። የሥራ መልመጃ ውል የሥልጠናውን ዓይነት፣ የሚቆይበትን ጊዜና በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለውን እንዲገልጽ ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ ለፀጉር ቤት የሚጠቅመው ብዙ ሰው የማያነሳው ድንጋጌ አለ፤ ሠራተኛዋ ለመሥራት ዝግጁ ሆና ሳለች በመሣሪያ ወይም በጥሬ ዕቃ አቅርቦት መቋረጥ ወይም በእሷ ባልሆነ ምክንያት ሥራ ካልሠራች ደመወዟ አይቋረጥም። መብራት ሲጠፋ ኪሳራው የማን እንደሆነ ሕጉ መልሷል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አይሠራበትም? አንደኛው ምክንያት፣ አዋጁ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት በክፍያ የሚሠራን ሰው ከሽፋኑ ያወጣል። ፐርሰንትና የወንበር ኪራይ ሠራተኛዋን በዚህ ክፍተት በኩል ከሕጉ ውጭ ያስመስሏታል። ያስመስሏታል ማለቴ፣ በእርግጥ በሌላ ሰው ትዕዛዝ፣ በሌላ ሰው ሰዓት እስከሠራች ድረስ የክፍያው ስሌት መለየቱ ብቻውን ነጋዴ አያደርጋትም። ሁለተኛው፣ ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢልም ወለሉ ተወስኖ ሥራ ላይ አልዋለም። ሦስተኛው፣ ቁጥጥሩ ቢኖር እንኳ ዓይኑ የሚያርፈው በትልልቁ ላይ ነው። ቡሬ ላይ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና ትልቅ የዘይት ፋብሪካ አሉ፤ ተቆጣጣሪ ወደ ቡሬ ቢመጣ የሚሄደው ወደነሱ ነው። ሦስት ሠራተኛ ያላትን ሳሎን የሚያንኳኳው ግብር ሰብሳቢ ብቻ ነው።

ሆኖም እዚያው አዋጅ ውስጥ ከአሥር በታች ሠራተኛ ባላቸው ቤቶች የሚሠሩ ሰዎች ተሰባስበው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር መመሥረት እንደሚችሉ ተጽፏል፤ አባላቱ ከአሥር እንዳያንሱ ነው። የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ የፀጉር ባለሙያዎች አሥር መሆን አያቅታቸውም። እቁብና ማኅበር ለሚያውቅ አገር መሰባሰብ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ አዲሱ ነገር ዓላማው ነው።

ምን ይደረግ?

የሚጠበቀው ተቃውሞ ግልጽ ነው። «የደመወዝ ወለል ካስቀመጣችሁ ባለቤቷ ሠራተኛ ትቀንሳለች።» አንዳንድ ቤት ይህን ሊያደርግ ይችላል። ነገር ግን ሙሉ ደመወዝ አልተጠየቀም። የሚጠየቀው ሦስት ነገር በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ እንዲጻፍ ነው፤ ፐርሰንቱ ስንት እንደሆነና ከምን ላይ እንደሚሰላ፤ ልምምዱ በየትኛው ቀን እንደሚያበቃ፤ ደንበኛ ባይኖርም በሩን ከፍታ ለዋለችበት ቀን የሚከፈላት ትንሹ ገንዘብ ስንት እንደሆነ። ሦስተኛው በጣም ትንሽ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ግን ሠራተኛን ያለ ወጪ አስቀምጦ ማዋልን ያስቀራል፤ ባለቤቷ ለሰዓቱ ከከፈለች ሰዓቱን መቁጠር ትጀምራለች።

ይህን ለማስፈጸም አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። የከተማ አስተዳደሮች ለወጣቶችና ለሴቶች ብድርና መሥሪያ ቦታ ሲሰጡ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣሉ፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሠልጣኞችን ለትብብር ሥልጠና ወደ ሳሎን ሲልኩ ከባለቤቶች ጋር ይፈራረማሉ። ያችን አንድ ገጽ በሁለቱም በር ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ብድርም ሠልጣኝም የምትፈልግ ባለቤት ትፈርማለች፤ ጎረቤቷም ስትፈርም ፉክክሩ ሠራተኛን በማራከስ ላይ ሳይሆን በሥራ ጥራት ላይ ይሆናል።

ከተማው መሥሪያ ቦታ ሰጥቶ፣ ኮሌጁ አሠልጥኖ፣ ገበሬው ቤተሰብ በክፉ ቀን አብልቶ ያቆመው ዘርፍ ነው። ሁሉም ወጪውን ሲያዋጣ፣ የሕዝብ ገንዘብና መሬት የገባበት ቤት ውስጥ የአንዲትን ልጅ ሰዓት መቁጠር በባለቤቷ መልካም ፈቃድ የሚተው ጉዳይ ሊሆን አይገባም። ሥራ ተፈጠረ ተብሎ ከመቆጠሩ በፊት ሥራው በየወሩ ስንት ብርና ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠየቅ፤ ይህ ጥያቄ የማይመለስበት ሪፖርት ሥራ አጥነትን ቀነስኩ ማለት አይችልም።